ከሜዳው ሥር ያለው ጉድጓድ

ጡረታ የወጡት ቆዳ አልፊ ከልጃቸው ቤት ሲመለሱ፣ ከተዘጋው የቆዳ ፋብሪካ ጀርባ ሜዳው ላይ አንዲት ወጣት ቀያሽ ችካል ስትተክል አዩና ቆሙ። ችካሉ የቆመው እሳቸውና ጓደኞቻቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ሲደፉበት ኖረው፣ በመጨረሻ አፈር አልብሰው በተዉት ጉድጓድ ላይ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ?» አለች ቀያሿ፣ መዶሻዋን አስቀምጣ። «የከተማው የውሃ ጉድጓድ እዚህ ሊቆፈር ታስቧል። ቦታውን ያውቁታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

አትፍረዱባቸው። ጉዱ ቢወጣ ሰፈሩ ምን ይለኛል ብለው ፈርተው ነው። ደግሞም ልጃቸው የወር አራስ ናት፤ ቧንቧው መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ደጅ ነው።

«ነገ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ ይምጡልኝ።»

«የውሃ ሥራ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ካርታው በእጃችሁ፣ መሣሪያው በእጃችሁ። እኛ ለማጨብጨብ ነው የምንመጣው?»

«እውነትዎን ነው፣ ብዙ ጊዜ ለማጨብጨብ ነው የምትጠሩት። እኔም ባለፈው የሠራሁበት ከተማ ማንንም ሳልጠይቅ ቦኖውን ቁልቁለቱ ግርጌ አስተከልኩ። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ዳገቱን መውጣት ሲያቅታቸው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ቦኖው ዛሬም ዝጎ ቆሟል። ካርታ የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አባባ። ይኸው አሁንም፣ በከተማ መሀል ይህን የሚያህል ሜዳ አንድ ሰው እንኳ ቤት ሳይሠራበት መቅረቱ ይከነክነኛል።»

«ውሃው አይመረመርም?»

«ይመረመራል። ምን እንደምፈልግ ካላወቅሁ ግን ላልፈው እችላለሁ።»

ሽማግሌው ላባቸውን ጠረጉ። «ድሮ ያጠፋ ሰው ቢኖርና ቢናገር… ያስሩታል?»

ቀያሿ ችካሉን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን። «አላውቅም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። የሚናገረው ሰው ጎን ግን እቆማለሁ።»

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌው እጃቸውን አውጥተው ተነሱ። «ችካሉ ይነቀል። ከሥሩ መርዝ አለ። የደፋነው እኛ ነን።»

ሽማግሌው አለቀልኝ ብለው ሲጠብቁ አንዲት ልብስ አጣቢ ተነሳች። «ለካስ! በዝናብ ጊዜ ያ ሜዳ የሚሸተው ለዚህ ነው» አለች። ቀጥሎ አንድ ግንበኛ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ምንጭ በድርቅ እንኳ ነጥፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ቀያሿ ካርታውን ወለሉ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ታርማለች፤ ሴቶቹም ጎንበስ ብለው ቦኖ የሚቆምበትን በጣታቸው ያሳያሉ። ዛሬ ያ ሰፈር የሚጠጣው የዚያን ምንጭ ውሃ ነው። ቧንቧ ሲሰበር የውሃ ቢሮው ሰው እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ራሳቸው የመረጡት ስለሆነ ራሳቸው ይጠግኑታል። የተማረ ሰው ብቻውን ቢወስን ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ትምህርቱ መርዝ ይቀዳላቸው ነበር።

ያን ዕለት ሽማግሌው ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ። ትናንት ተጠይቀው ምን እንደመለሱ ትዝ አላቸው።

«ፈርቼ» አሏት።

ልጃቸው ሕፃኗን አሳቀፈቻቸውና፣ አብረው ወደ ቤት ሄዱ።