የወደቀ ሁሉ ብድግ አይልም

ልጄን ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀየምኩበት ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጄን ሚጡን ይዞልኝ ይመጣል። መምጣቱስ ባልከፋ፤ ግን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ አንድ አሮጌ ስልክ ከፍቶ ያስይዛትና፣ «እማዬ፣ አሁን አትረብሽሽም፣ ስፌትሽን ስሪ» ብሎኝ ይወጣል።

ማን አትረብሸኝ አለው? ስድስት ቀን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በቀር የሚረብሸኝ የለም። ሰባተኛዋን ቀን የምጠብቃት እኮ ለመረበሽ ነው።

ሚጡ አምስት ዓመቷ ነው። የምታየው ካርቱን ውስጥ አንድ ዶሮ አንድ ቀበሮን ያሳድዳል። ዶሮው በመጥበሻ ይለዋል፣ ቀበሮው እንደ ወረቀት ይጨፈለቃል፣ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ወፎች ይዞራሉ፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ይሮጣል። እሷ ትስቃለች፣ እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ለየብቻችን ነን።

ባለፈው ወር የደንበኛ ቀሚስ ይዤ ልቀመጥ ስል በርጩማውን ከኋላዬ ሳበችው። በወገቤ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አልኩ። ከት ብላ ሳቀች። እኔ መነሳት አቃተኝ። ጠጋ ብላ ጭንቅላቴን ዙሪያውን አየችና፣ «ወፎቹስ?» አለችኝ። ስታጣቸው ሳቋን አቆመች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ተጎጂዋም እኔ፣ አባባይዋም እኔ።

ለልጄ አልነገርኩትም። «ታስቸግርሻለች፣ ከእንግዲህ አላመጣትም» ይላል ብዬ ፈራሁ። ቅዳሜዬን ከማጣ ወገቤን ቢያመኝ መረጥኩ።

ከወደቅኩ በኋላ ባለው ሰኞ ደረጃ ስወጣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ደረሰችብኝ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

«እትዬ፣ ምነው ያነክሳሉ?» ብላ ዘንቢሌን ተቀበለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳት።

«ካርቱን የሚባል ነገር ይጥፋ» አልኩ። «ስልኩን ባልዲ ውስጥ ነው የምከተው።»

«ስልኩስ ይስጠም፤ ሚጡ ምን ልታይ ነው?»

«ግድግዳ። እኛ ግድግዳ እያየን ነው ያደግነው።»

ሳቀች። «እኔም እኮ ካርቱን ውስጥ አንዱ ሲንሸራተት እስቃለሁ። ግን ቀበሮው ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ግማሹን ታውቃለች፣ ግማሹን ታምናለች። የተመታው ሁሉ ወዲያው ሲነሳ ካየች መምታት የማያሳምም ጨዋታ ይመስላታል። ክፋት የለባትም፤ ወፎቹን የፈለገችው እውነት መስሏት ነው።»

«እና ይኼኛው ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም ብዬ እኔ ልለይ? ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ? የተማረ አባት አላት።»

«አባቷ ካርቱኑን አይቶታል?»

«ከፍቶላት ይወጣል እንጂ መች ያያል!»

«እሺ፣ ጨርቅ ሲገዙ ባለሱቁን አምነው ይወስዳሉ?»

«ምን ሲደረግ! እዳስሰዋለሁ፣ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ፣ ጫፉን ነክሬ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን እፈትሻለሁ።»

«ይኼም ያው ነው። መጀመሪያ ብቻዎን ይዩት። መምቻው ቤት ውስጥ ያለ መጥበሻና በርጩማ ከሆነ፣ የተመታውንም ማንም ‹ደህና ነህ ወይ› የማይለው ከሆነ ለሚጡ ገና ነው። ወድቆ የሚያስቅ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ ራሱ ተንሸራቶ ጓደኛው የሚያነሳውም አለ። ከዚያ አብረዋት ይዩ፣ ‹አመመው እንዴ?› ብለው ይጠይቋት። ሲያልቅ ደግሞ እሷን ይዩ። ምን ትጫወታለች?»

እኔ በቀላሉ እሺ የምል ሰው አይደለሁም። ሟቹ ባሌ «አንቺን ከማሳመን በቅሎ ማስወለድ ይቀላል» ይል ነበር። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩን ሳገላብጠው አስተማሪዋ ልክ ሆነችብኝ። ልብስም የሚታወቀው ሲለበስ ነው። ሦስት ዓመት ስልኩን ስጠላ አንድ ቀን እንኳ ከሚጡ ጎን ተቀምጬ ምን እንደሚያስቃት አላየሁም። ልጄ ትቷት ይሄዳል እላለሁ፤ እኔስ እዚያው ቁጭ ብዬ ትቻት አልሄድኩም ወይ?

ቅዳሜ ልጄ መጣ። ስልኩን አስይዟት ሊወጣ ሲዞር በሩን ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ወሸቅሁት።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄሃለሁ። ቁጭ በል፤ አብረን አንድ ፊልም እናያለን።»

ሚጡን መሀል አድርገን አልጋው ላይ ተደረደርን። ቀበሮው ሲጨፈለቅ ልጄ ሳቀ። ያን ጊዜ ስለ በርጩማው ነገርኩት፤ ወገቤ ላይ የጠቆረውንም አሳየሁት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታስቀርብኝ ብዬ።»

ስልኩን ከሚጡ እጅ ወስዶ ካርቱኑን አቆመው።

ዶሮውንና ቀበሮውን እስክታድግ አጠፋንባት። በምትኩ ጡብ ሲደረድር እየተናደበት ጓደኞቹ የሚያግዙትን አንድ ወፍራም ድብ መረጥን። እሱም ይወድቃል፣ እኛም እንስቃለን። ሁለት ፊልም ካየን ስልኩ ይዘጋል። ሚጡ «አመመው?» ስትል እኔ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» እላታለሁ፤ ወሬያችን ከፊልሙ ይረዝማል። ልቀመጥ ስል በርጩማውን ይዛ ታቀርብልኛለች፤ ምላሷ ግን አያርፍም፣ ትረብሸኛለች፣ ክሩንም ታወሳስብብኛለች። እናንተም ልጃችሁን የሚያስቀውን ነገር አብራችሁ ሳታዩ አትከልክሉ፤ አብራችሁ ሳታዩም አትፍቀዱ።

ስድስቱ ቀን አሁንም ረጅም ነው። ልጄም አንዳንድ ቅዳሜ ቸኩሎ ይመጣል። ገና እንደገባ በሩን እቆልፋለሁ።