በሟች ስም የቆመ ቤት

ጭጋግ ሰውን ካሰበው ቦታ አስቀርቶ ካላሰበው ያደርሰዋል። ሽማግሌው ግንበኛ በዚያ ጠዋት ከቤቱ የወጣው ኖራ ሊገዛ ነበር። ዳገቱን ሲወርድ ግን መንገዱም፣ አጥሩም፣ የመብራት ምሰሶውም በነጭ ጭጋግ ተውጠው ስለነበር፣ ግድግዳ በእጁ እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ የኖራ መደብሩ ነው ያለውን በር ገፍቶ ገባ። ውስጡ ሞቅ ያለ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ ነበር። ሰዎች እንቅልፍ እንደያዛቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ከወዲያ በኩል አንድ ለስላሳ ድምፅ ተራ ይጠራል። የገባው፣ ለዓመታት በደጃፉ ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ከሚያልፈው የመኖሪያ ቤት ድጋፍና ምክር ጽሕፈት ቤት መሆኑን ያወቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ወዲያው ሊነሳ አሰበ። ግን ጭጋጉ እስኪገለጥ ልረፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው በዕድሜው ሙሉ ያቆማቸው ቤቶች ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ በፊቱ አለፉ። ድንጋያቸውን ያውቀዋል፤ ማዕዘናቸውን ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ የመጣው የራሱ ቤት ነበር፤ እሱም እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን ወደፊት ገፍቶ።

ነገሩ ሕልም ብቻ አልነበረም። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ገብቶ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ አሳብጦት ነበር። ግንበኛው እንደ ድሮው ቢሆን ድንጋዩን አፍርሶ በሳምንት ይጨርሰው ነበር፤ አሁን ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወገቡም አይታዘዘውም። ባለቤቱ አልጋዋን ከግድግዳው አርቃ መሃል ክፍሉ ላይ አድርጋለች፤ ርጥበቱ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ሳሉ አልለቅ ብሏታል። በዚያ ጠዋት ኖራ ልገዛ ነው ሲላት፣ ኖራ ቢቀቡት ያበጠ ግድግዳ እንደማይድን፣ ወይ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ እንዲያመለክት፣ አለዚያ እሷ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነግራው ነበር። ይህን ስትለው አልተቆጣችም። እሱን ያስፈራው አለመቆጣቷ ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?”

ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ ታየዋለች። የጎረቤቱ የአናጢው ልጅ ናት። ልጅ ሳለች የእሱ አሸዋ ክምር ላይ ስትጫወት ውላ፣ ፀጉሯ አሸዋ ሆኖ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር። ተምራ ከተመለሰች ወዲህ እዚህ አማካሪ ሆናለች ሲባል ሰምቷል። እጁን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባችው። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ካፖርት፤ ከመስኮቱ ውጭ ጭጋግ ብቻ።

በስህተት እንደገባ፣ አንዳች እንዳልቸገረው ነገራት። እሷም አልተከራከረችም፤ “እትዬ እንዴት ናቸው?” ብላ ብቻ ጠየቀችው። ሰው ስለ ራሱ መዋሸት ይቀለዋል፤ አብራው ስላረጀች ሴት መዋሸት ግን ይከብዳል። ሳሉን ነገራት። ከሳሉ ተነስቶም ወደ ግድግዳው መጣ።

አማካሪዋ ሰምታ ስትጨርስ፣ መሥሪያ ቤቱ አቅም ላነሳቸው አረጋውያን ቤታቸውን እንደሚያድስ አስረዳችው። የሚጠየቀውንም ዘረዘረችለት፤ የቤቱ ይዞታ ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የገቢ መግለጫ፤ ከዚያም ባልና ሚስቱ አብረው የሚቀመጡበት የምክር ጊዜ። ግንበኛው ሳቀ። ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም።

“ልጄ፣ ቤቱ የኔ መሆኑን አገር ያውቃል” አለ። “ድንጋዩን አንድ በአንድ ያስቀመጥኩት በዚህ እጄ ነው። ዛሬ ደግሞ ወረቀት ይመስክርልህ ልትሉኝ ነው? ‘ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም’ ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ ጋሼ። እኔም የምፈልግልዎ የያዘውን የማይለቅ ነገር ነው። ሰው ይለቃል፤ ይረሳል፣ ይጣላል፣ ይሞታል። ወረቀት ሞኝ ስለሆነ ይሉኝታ አያውቅም፤ ባለሥልጣንም ቢመጣ፣ ባለጸጋም ቢመጣ ያንኑ ነው የሚናገረው።”

ግንበኛው ይህን አልጠበቀም። ተረቱን ለማባረሪያ ወርውሮት ነበር፤ እሷ ግን አንስታ መልሳ በእጁ አስያዘችው። ቀጥሎ ዋናውን፣ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠውን አወጣ። ከሰው ደጅ ቆሞ እንደማያውቅ፣ በስተርጅና እጁን ዘርግቶ ‘ድሃ ነኝ’ ብሎ መፈረም ከግድግዳው መውደቅ እንደሚብስበት ነገራት። ይባስ ብሎ የራሱ ቤት የፈረሰበት ግንበኛ መባል!

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” አለችው በቀስታ። “ደግሞስ ልመና የሚሆነው የሰጪው ፈቃድ ብቻ ሲሆን ነው። ይህ ግን ደንብ ነው። እርስዎ በሠሩበት ዘመን ሁሉ ግብር ከፍለዋል፤ ይህ አዳራሽ የቆመው በዚያ ነው። ወረቀት የምንጠይቀውም እርስዎን ጠርጥረን አይደለም። አፈ ጮማው ተናግሮ እንዳይወስድ፣ ዘመድ ያለው በጓሮ እንዳይገባ፣ መናገር የማይችለውም ተራው እንዳይዘለል ነው። ግድግዳ ሲያቆሙ ቱንቢ የሚጥሉት ድንጋዩን ጠርጥረው ነው?”

“ዓይን ስለሚሸነግል ነው እንጂ።”

“የኛም ዓይን ይሸነግላል፣ ጋሼ።”

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ወረቀቱ ይበዛል። አማካሪዋም አልካደችም፤ አንዱን ማስረጃ ሁለት ቦታ ማስጠየቁ ሽማግሌ ማመላለስ መሆኑን ጠቅሳ እንዲቀር ለአለቆቿ ማመልከቷን ነገረችው። ደንብ እንደ ቤት ነው፤ የሚያፈስበትን ይደፍኑለታል እንጂ፣ አፈሰሰ ተብሎ ሜዳ ላይ አይታደርም። ብዙዎቻችን ግን አንድ ቀዳዳ ባየን ቁጥር ከነጣሪያው መጣል ይቀናናል።

ግንበኛው በመጨረሻ ምክር የተባለውን ነገር አነሳ። በዚህ ዕድሜው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ሊማር መሆኑ አስገርሞታል። አማካሪዋ ስለ ግንብ እሱን የሚመክር እንደማይኖር፣ ምክሩ ስለ ነገ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያም ማስታወሻዋን ወደ ጎን አድርጋ ጠየቀችው።

“ቤቱ በማን ስም ነው?”

ግንበኛው የመስኮቱን ጭጋግ አየ። ቤቱ በታላቅ ወንድሙ ስም ነበር። ሁለቱ ተረዳድተው መሬቱን ሲገዙ፣ ውሉ የተፈረመ ዕለት እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ወንድሙ ሄዶ ፈረመ። ‘ያንተ ነው፣ እኔ ስሜን ያዋስኩህ ነኝ’ ይለው ነበር። ወንድሙ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ያዋሰውን ስም ሳይወስድ ሄደ።

“እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለች። “እርስዎ ነገ ባይኖሩ፣ እትዬ እዚያ ቤት የሚያድሩት በምን ማስረጃ ነው?”

“አገር ያውቃል” አለ ግንበኛው። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

“አገሩም አብሮ ያረጃል፣ ጋሼ። ሲሠራ ካዩት ማን ቀረ? አባቴ አንዱ ነበር።”

ሽማግሌው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። የአናጢው ነገር ትዝ አለው፤ የመስኮቱን ፍሬም ተሸክሞ እያፏጨ ዳገቱን ሲወጣ። በር ሳይዘጉ የሄዱ እንግዶች ይመስል ምስክሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ ወጥተዋል። እሱ ለካ የሚያወራው ከባዶ ክፍል ጋር ነበር። ሲነሳ፣ ምን እንደሚያስፈልግ እንደገና እንድትነግረው ለመናት።

የሚያስፈልገው አንድ ከባድ ነገር ነበር፤ የወንድሙ ልጅ መጥታ መፈረም አለባት። ወራሽ እሷ ናት። ግንበኛው ደግሞ ከእሷ ጋር ከአባቷ ቀብር ወዲህ አልተነጋገረም። ያን ዕለት ጠጋ ብላ፣ “የአባቴን ነገር መቼ መጥቼ ልውሰድ?” ብላው ነበር። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ስለ ቤቱ አነሳች ብሎ ተቀየማት። ወረቀቱን የጠላው ከኩራት ብቻ አልነበረም፤ ያ ወረቀት የተነካ ቀን እሷም እንደምትነሳ ያውቅ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ለባለቤቱ ነገራት። ተነስታ ጫማውን መወልወል ጀመረች።

በማግስቱ የወንድሙ ልጅ ዘንድ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጭጋጉ ሜዳውን ሞልቶት ዛፎቹ ከወገብ በላይ ብቻ ይታዩ ነበር፤ አውቶቡሱ በመሬት ላይ የሚሄድ ሳይሆን በወተት ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ያዘጋጃል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይክባል።

የወንድሙ ልጅ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሱቋ ከጣሪያ እስከ ወለል በተንጠለጠሉ ስስ ጨርቆች ተሞልቶ ስለነበር፣ የስፌት መኪናዋ ስትዘምር ይሰማል እንጂ እሷ አትታይም። ጨርቁን አንድ በአንድ እየገለጠ ወደ ድምፁ ሄደ። ስታየው እግሯን ከመኪናው አነሳች። የወንድሙ ዓይን ነበራት፤ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ተቀምጦ፣ ግድግዳው ማበጡን፣ ሚስቱ መታመሟን፣ ወረቀት መጠየቁን እንደመጣለት ነገራት። ቤቱን ብትፈልገውም መብቷ እንደሆነ፣ በቀብሩ ዕለት መጠየቋንም እንዳልረሳ ጨመረ።

“እኔ ቤቱን ጠየቅኩ?” አለች በግርምት። “አጎቴ፣ እኔ የጠየቅኩት ካፖርቱን ነው። የአባቴን ካፖርት። እርስዎ ዘንድ ተሰቅሎ ነበር። መልስ ሲነፍጉኝ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ።”

ግንበኛው አንገቱን ደፋ። ካፖርቱን ያን ክረምት ለአንድ ብርድ ለመታው ጭቃ አቡኪ ሰጥቶታል። ይህንንም ነገራት፤ መደበቅ ሰልችቶት ነበር። እሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፤ በመጨረሻ አባቷ ቢኖር እሱም ይሰጠው እንደነበር ተናገረች። ቤቱ የአጎቷ መሆኑን ከአባቷ አፍ ሰምታ ነው ያደገችው፤ ልፈርምም እመጣለሁ አለችው። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስትመጣ እንደ እንግዳ በር እንዳታንኳኳ። ወረቀት ባይጠየቅ ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቀብር እስኪሰማ ድረስ ተኳርፈው ይኖሩ ነበር።

የምክሩ ዕለት ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አማካሪዋ ለእያንዳንዳቸው የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ግንበኛው ግድግዳው ነው አለ። ባለቤቱ ግን ብዙ ካሰበች በኋላ፣ “እኔ ግድግዳውን ፈርቼው አላውቅም። ከሱ በኋላ ማን ውጪ ይለኝ ይሆን እያልኩ ነው የማልተኛው” አለች። አብረው ባረጁበት ቤት ይህ ቃል አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ግንበኛው ዞሮ አያት፤ ሳል ነው እያለ ሲሰማው የኖረው የሌሊት መገላበጥ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ሄደ። የወንድሙ ልጅ ፈረመች፤ ቤቱ ውስጥ ሲኖር የሚያውቁት ጎረቤቶች መሰከሩ። ጎረምሳ ግንበኞች መጥተው ያበጠውን ግድግዳ አፈረሱ፤ ከኋላው ለዳገቱ ውሃ መውረጃ ቦይ ቀደዱ። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ዋለ፤ ድንጋይ ሲያጣምሙ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እነሱም ያቃኑታል። የባለቤቱ ሳል ክፍሉ እየደረቀ ሲሄድ ቀለለ። የወንድሙ ልጅ መጋረጃ ይዛ መጣች፤ በርም አላንኳኳችም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጉም አይደለም። ማስረጃውን በጊዜ ያሟላ ሰው ቤቱን ከውሃ ብቻ ሳይሆን ከነገ ክርክርም ያድናል። ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ፊት ቀርቦ ጭንቀቱን የተናገረ ለገዛ ቤተሰቡ መናገር ይቀለዋል። ለመብቱ የተሰለፈ ለማኝ አይባልም። የቤተሰብ ፍቅርም ቢሆን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

አዲሱ የይዞታ ወረቀት የተሰጠ ዕለት ግንበኛው ወደ ቤቱ ይዞት ገባና ለባለቤቱ አቀበላት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። በሰፈሩ ሁሉ ስትጠራ የኖረችው የግንበኛው ሚስት እየተባለች ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከባሏ ስም ጎን፣ በእኩል ፊደል፣ አባቷ ያወጣላት ስም ተጽፏል። እዚያ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

“እስቲ አንተ አንብበው” አለችው።

አነበበው።

“እንደገና።”

እንደገና አነበበው። ለዓመታት በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ እሷም፣ ከሩቅ የሚጠራት ሰው ያለ ይመስል፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠው ጀመር።