የማስትሮ ካሲሚሮ ሃያ ሰባት ቀዳዳዎች

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የአባቴን ታሪክ ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አባቴ ማዕድ ቤት ተቀምጠው የኦቾሎኒ ሾርባቸውን እየጠጡ ሳለ፣ እኔ ልጃቸው ሬይናልዳ እዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ ሆኜ «አባቴ ዐርፈዋል» ብዬ ጽፌ በፖስታ ልኬአለሁ። ለምን እንደጻፍሁትና ምን እንዳስከተለ በቦታው እናገራለሁ።

ማስትሮ ካሲሚሮ ዩህራ ከአባታቸው ከዶን ፌርሚንና ከእናታቸው ከዶኛ ሳቱርኒና በቲቲካካ ሐይቅ ዳር በ1930 ተወለዱ። ትምህርት ቤት የቆዩት ሦስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ላ ፓዝ መጥተው በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ሞተር መፍታትና መግጠም ተማሩ። ሞተር ሲታመም ድምፁን ብቻ ሰምተው የቱ ጋ እንደሆነ የሚለዩ፣ ስለዚህም «ማስትሮ» ማለትም የእጅ ባለሙያ የተባሉ ሰው ስለነበሩ፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ኤል አልቶ አውሮፕላን ማረፊያ በሥጋ አመላላሽ ድርጅት ተቀጠሩ።

በተከታዩ ዓመት ድርጅቱ ከትልቁ ጦርነት የተረፈች ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ገዛ። ከብት ከሚረባበት ከቤኒ ቆላ ወደዚህ የሚያወጣ የመኪና መንገድ ስላልነበረ፣ ከብቱ እዚያው እየታረደ ሥጋው ተራራውን በአየር ተሻግሮ፣ በከፍታው ብርድ ቀዝቅዞ ይደርስ ነበር። አባቴ ቦምብ ይንጠለጠልበት የነበረውን ሆዷን የሥጋ መስቀያ አደረጉት፤ ወለሏን በጣውላ ረበረቡት፤ ደሙ ተጠራቅሞ ብረቱን እንዳይበላውም በመሰርሰሪያ ሃያ ሰባት ቦታ በሱላት። በየካርኒቫሉ ማክሰኞ አፍንጫዋን በወረቀት ጥብጣብ አስጊጠው እንደ አገሩ ልማድ ለበረከት ጎማዎቿ ላይ አልኮል ይረጩላት ነበር።

ዛሬ ከመካከላችን ያሉት አብራሪዋ ካፒቴን ኦቪዲዮ፣ ሞተር በተጠገነ ቁጥር መካኒኩ አብሮ ካልበረረ አይነሡም ነበር። «ማስትሮ፣ ግባ! ከሞትን አብረን፣ ከኖርን አንተ ትጋብዛለህ» ሲሏቸው፣ አባቴም «ካፒቴን፣ ሞቱ ይሻለኛል፤ የእርስዎን ሆድ ማን ይችለዋል?» እያሉ ሥጋው መካከል ገብተው ይቀመጡ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የልብ ጥብስ ትሸጥ የነበረችውን እናቴን ዶኛ ኔሊዳን ያገቡት ከዚያ በፊት፣ በ1953 ሲሆን ያኔ ከጋራዡ የጭነት መኪና ጋር ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። እናቴ ማታ በር ስትከፍት «አንተ ሰውዬ፣ ሽታህ ገብቶ ቁጭ ካለ ቆየ፤ አንተ የት ዘገየህ?» ትላቸው ነበር። እኔን አንዲት ልጅ ወልደው፣ እርሳቸው ያላገኙትን ትምህርት እኔ እንዳገኝ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። እናቴ በ1984 ዐረፈች።

የመኪናው መንገድ ከተሠራ በኋላ አውሮፕላኗ ቆመች፤ በ1986 በስተሰሜን ያለ የውጭ አገር ሙዚየም ገዝቶ አስነሥቶ ወሰዳት። በዓመቱ ከሙዚየሙ ደብዳቤ መጣ። ለስድስት ወር መጥተው ስለ አውሮፕላኗ እንዲያስረዱንና በእድሳቱ እንዲያግዙን ማስትሮ ዩህራን እንጋብዛለን ይላል። በዚያ ወራት ባለቤቴ ጥሎኝ ሄዶ፣ ሁለቱን ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚያመጡልኝና የሚያበሉልኝ አባቴ ነበሩ። ከሄዱ የማይመለሱ መስሎኝ ፈራሁ። ደብዳቤውን ደብቄ ያንን መልስ ጻፍሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሙዚየሙ አባቴ በማያነቡት በራሱ ቋንቋ «ለሐዘንተኛው ቤተሰብ» ብሎ ሥዕል ያለበት መጽሔት ላከ፤ እኔ ሳልደርስ አባቴ እጅ ገባ። አውሮፕላኗ አምራ፣ ሆዷ ውስጥ የእንጨት ቦምቦች ተንጠልጥለውባታል። ስለ ጦርነቱ ወራት ሦስት ገጽ ተጽፏል፤ ስለ እኛ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግን «ለጥቂት ጊዜ በጭነት ሥራ ቆየች» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። ደም ጠርዛቸውን የበላቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ በመስተዋት ሸፍነው «የጠላት ጥይት የበሳቸው» ብለውባቸዋል። ይህን ስተረጉምላቸው አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «በስተርጅና ጠላት አደረጉኝ እኮ!» አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ወረቀት አምጪ» ብለው አጻፉኝ።

ያጻፉኝ ቃል ይህ ነው፦ «ቀዳዳዎቹን የበሳሁት እኔ ነኝ። የላም ደም እንዲወርድባቸው ነው። እዚህ ማንም አልተኮሰባትም። እዚህ ከተማ ሰው በልቶባታል።»

የሞተ ሰው ደብዳቤ ስለማይጽፍ፣ ውሸቴ እንዳይገለጥ ፖስታ ቤት ሳላደርሰው መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። አባቴ በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላም ካርኒቫል በደረሰ ቁጥር «ሰዎቹ መለሱ?» ይሉኝ ነበር። እኔም «ገና ነው፣ አባዬ» እላቸው ነበር። እኔን አልጠረጠሩም፤ በእነርሱም አልተቀየሙ፤ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ይሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታምሞ አልጋ ከያዙ በኋላም ጠይቀውኛል። እውነቱን መናገር ፈልጌ ሳለ፣ ዳግመኛ «ገና ነው» አልኋቸው። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ መልሱን ሳያገኙ ዐረፉ።

ትናንት ጠዋት ደብዳቤውን በእጃቸው ከፈረሙበት ፊርማ ጋር ልኬዋለሁ። ሲያጻፉኝ በሕይወት እንደነበሩና ዋሽቼ እንደነበር ከሥሩ ጨምሬአለሁ።

ማስትሮ ካሲሚሮ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ታናሽ ወንድማቸውን ዶን ኢላሪዮንን፣ በእርሳቸው እጅ ሥራ የለመዱ መካኒኮችንና አብረዋቸው የበረሩ ወዳጆችን ትተው አልፈዋል። የደከመን የማይረሳው አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ የተሰበረውን ልባችንንም ይጠግንልን።

እርሳቸውን መጠየቅ አልችልምና እናንተን እጠይቃለሁ፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።