በእኛ ዘመን የተጻፈች ፎልደር

ገለቴ ቢሮ ስትገባ ከሁሉም ጋር ሰላም ተባባለች፤ አንድም ሰው አልዘለለችም። ከዚያ ወንበሯን ወደ ንጋት አስጠግታ በብርዱ ጀመረች። ዘንድሮ ውርጩ በረታ፣ ባጃጁም ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ ሰው ያስረፍዳል፣ የገና እንግዳስ ከወዲሁ ላሊበላን ሞላው አይደል? ንጋት ለዜማ መዝገብ ቤቱ ገና ሁለት ሳምንቷ ስለሆነ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ስክሪኑ ላይ አቀርቅሯል። ጆሮው ግን ከእነሱ ጋር ነው፤ ገለቴም ድምጿን ከፍ ያደረገችው ይህን አውቃ ነው።

«መቼም ንጋትዬ፣ ከተማረ ሰው ጋር መሥራት መታደል ነው...» አለች። ስም አልጠራችም። ስም ምን ያደርጋል?

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ አይታ እንደማታውቅ አጫወተቻት። ሰርቨሩ፣ ያ ዩኒክስ የሚሉት፣ አፕግሬድ ይደረግ ሲባል ሌላው ቢሆን ዘው ብሎ ይገባበት ነበር። እሱ እቴ! ቅዳሜ ቁጭ ብሎ የመሪጌቶቹን የዜማ ቀረጻ በሙሉ ለመጠባበቂያ ወደ ሰርቨሩ ሁለተኛ ዲስክ ገለበጠ። የፎልደሩንም ስም በእኛው አቆጣጠር ጻፈው፤ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት። አገር መውደድ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ማሽን ግን ባለጌ ነው። ሰርቨሩ ላይ ወር ያለፈውን ባክአፕ፣ መጠባበቂያውን ማለት ነው፣ በየቀኑ የሚጠርግ ማጽጃ ፕሮግራም አለ፤ ቀኑን የሚያነበው ከፎልደሩ ስም ነው፣ ያውም በፈረንጅ። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ሲያይ የሰባት ዓመት አሮጌ መሰለው። እሑድ ጠረገው።

«ማጽጃውን ማን እንደጻፈው ብቻ አትጠይቂኝ...»

ሰኞ አፕግሬዱ ተጀመረ። አዲሱ ሲስተም ሲጫን ዋናው ቀረጻ ያለበትን የመጀመሪያውን ዲስክ አጥቦ ነው የሚነሳው። ከዚያ በፊት ባክአፑ ይኑር አይኑር አንዴ ገልጦ ማየትማ የተጠራጣሪ ሰው ሥራ ነው፤ እሱ እምነቱ ጽኑ ነው፤ ጾመኛም እንደሆነ ሰምታለች።

ከጠፋው መሀል የገለቴ አባት፣ የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዜማ ነበረበት። ዐይናቸው ጠፍቶ እንኳ ሦስት ዓመት ሙሉ በእሷ ትከሻ እየተመሩ መጥተው፣ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር አስቀርጸው ሐምሌ ላይ አረፉ። የድምፃቸው ሌላ ቅጂ የትም የለም። በተዝካራቸው ሰሞን አንዲት ፍላሽ ይዛ ለእኔም ይቀዳልኝ ብላ ለምና ነበር። ምን ተባለች? ፍላሽ ይጠፋል፣ እዚህ ይሻላል፣ እኔ እይዝልሻለሁ።

«ደግሞ እውነቱን ነው፤ ፍላሽ እኮ ይጠፋል» አለችና ሳቀች። ንጋት አልሳቀችም። መስኮቱ ሥር የማውሱ ጠቅታ ቆመ።

ይቅርታ አለመጠየቁም በኩራት እንዳይመስልሽ አለቻት፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ለአለቆች ሪፖርት ሲጽፍ ነው የሰነበተው። አፕግሬዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ይላል፣ እሷው ናት ማኅተም ያስመታችለት። እንዲህ ያለ ሰው ይወቀሳል እንዴ?

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ንጋትን እያናገረች፣ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ብቻ እግዜር ይባርከው። ዕድሜ ይስጠው፣ ልጆች ይስጠው... ሲያረጅም ልጆቹ፣ እሱ የእኔን አባት እንደያዘልኝ አድርገው ይያዙት።»