ናፍጣ ሞልቶ የቆመ ወፍጮ

ቦንጋ የመጣሁት ተመድቤ እንጂ መርጬ አይደለም። ስሜ ይመኙሻል፣ አገሬ ደሴ፣ ሥራዬ የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሞተር ማስተማር ነው። «ሴት ልጅና ሞተር?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ መስጠት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቀን ቀን ሰልጣኞቼ ላይ እጮሃለሁ፤ ማታ የተከራየሁት ክፍል ገብቼ በሬን ስዘጋ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ብቻ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የጋሽ ኃይለመስቀል ነገር የገባኝ በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ወር፣ ለልምምድ የተላኩ ሰልጣኞችን ለማየት በአውቶቡስ ወደ ዋጫ ስሄድ፣ ሺሺንዳ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጣውላ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መንገዱን ዘጋው። ሾፌራችን «ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ፤ የሚጎትተው ተልኮለታል» አለን። ስወርድ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በአውቶቡሱ መስኮቶች ወደ ውስጥ እያዩ ይዞራሉ። ኮታቸው አርጅቷል፤ ግን ንጹሕ ነው።

«ልጄ፣ ሚሊዮን የሚባል መካኒክ አብሯችሁ አልተሳፈረም? ከጅማ ነው የሚመጣው።»

«አላየሁም አባቴ። ምን ተበላሽቶብዎት ነው?»

«ወፍጮዬ ቆሞብኝ ነው። ይኸው ሳምንት አለፈው።»

«እኔም የሞተር ባለሙያ ነኝ። ከፈቀዱልኝ ልየው።»

ሽማግሌው ቀሚሴን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ተመልሰው ፊቴን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፤ እኔ ሚሊዮንን ነው የምጠብቀው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ደግነቱ ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ፤ ከፋ ውስጥ ዝናብ አያስጠነቅቅም። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና እንግዳ ሲደበደብ ማየት አልቻሉም፤ በጃንጥላቸው ከልለው ከመንገዱ ዳር ወዳለችው ወፍጮ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በእጅ እየተዞረ የሚነሳ፣ እንዲህ ያለ አገር ውስጥ በየገጠሩ የምናውቀው ዓይነት ነው። ዱቄት ሸፍኖታል። ገና ስማቸውን ሳልጠይቅ አንዲት እርጉዝ ሴት እህል አዝላ በመንገዱ መጣች። ትርንጎ እንደምትባል በኋላ ነገሩኝ።

«አልተነሳም ጋሼ?»

«አልተነሳም ልጄ፤ ሚሊዮንን እየጠበቅሁ ነው።»

«እንግዲያ ሺሺንዳ ልዝለቅ» ብላ በዚያ ዝናብ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ጋሽ ኃይለመስቀል» አልኳቸው፣ ስማቸውን ጠይቄ ካወቅሁ በኋላ፣ «ይህች ሴት በዚህ ሆዷ ያን ሁሉ መንገድ የምትሄደው ሚሊዮን ስላልመጣ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ መካኒክ አይደለሁ። ብረት ውስጥ እጄን ከትቼ የባሰ ባበላሸውስ? ጎመን በጤና!»

«መካኒክ መሆን አያስፈልግዎትም። የሞተር ብልሽት አብዛኛው የሚጀምረው ከቀላል ነገር ነው። ናፍጣ አለው ወይ? አየር ያገኛል ወይ? ዘይቱ ልክ ነው ወይ? ይህን ማየት ለባለቤቱ ነውር ነው እንዴ?»

«ነውር እንኳ አይደለም። ግን ልጄ፣ እናንተ ተማሪዎች ሁሉ ነገር በመጽሐፍ ያለ ይመስላችኋል። እታች ያለው ባለ ወፍጮ በራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ቤንዚን በአየር መሳቢያው አፈሰሰበት። ሞተሩ ተነሳ፤ ተነሳና እንደ እብድ ጮኾ አንድ ነገሩ ተሰበረ። እንዲህ ከመሆን መጠበቅ አይሻልም?»

እውነታቸውን ነው፤ ይህን ስህተት እኔም ስንት ቦታ አይቻለሁ። «ያ ሰው የተጎዳው ስለነካው አይደለም» አልኳቸው። «ሳያውቅ ስለቸኮለ ነው። ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ጾመኛን በአረቄ መቀስቀስ ነው። ሳያውቁ መንካትና ጨርሶ አለመንካት ሁለቱም አጥፊ ናቸው። መሃል ላይ ማወቅ የሚባል ነገር አለ።»

«አፍሽስ ይናገራል» አሉና ፈገግ አሉ። «ግን ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። እኔ የሚሊዮንን እጅ አውቀዋለሁ።»

ከእንግዲህ በክርክር አይሆንም ብዬ ተነሳሁ። እሳቸውም እንግዳን መከልከል ከብዷቸው ገለል አሉልኝ። የናፍጣ ታንኩን ክዳን ከፍቼ ሳይ ደርቋል፤ ከሥሩ ካለው ዝቃጭ በቀር የናፍጣ ጠብታ የለውም። ናፍጣው ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ታንኩን ዳር እስከ ዳር ቢሞሉት ሞተሩ አይነሳም፤ አየሩን ማስወጣት የግድ ነው። ብልሽቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚቀል የለም። ጥጉ ላይ በርሜል ነበር። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ሙሉ ነው!

«ጋሽ ኃይለመስቀል፣ በርሜሉ ሙሉ ነው እኮ።»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ናፍጣው እዚህ፣ ታንኩ እዚያ፤ እንዴት ደረቀ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ረስተውት ነው?»

«አልረሳሁትም» አሉ በቁጣ። «ምን አስጨነቀሽ? ወፍጮው የኔ ነው!» ቁጣው ግን ወዲያው ከላያቸው ወረደ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። ማሰሮ ሙሉ ናፍጣ በእጄ ይዤ ነበር። አልጨመርኩበትም።»

«ለምን?»

«ሚሊዮን እንዲመጣ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። እሳቸው ግን አንዴ ከጀመሩ ወዲያ አላቆሙም።

«ሚሊዮን ሲመጣ አድሮ ነው የሚሄደው። ቆጮ አስጋግሬ፣ ማር አውጥቼ፣ ከሱ ጋር እበላለሁ። ያሾፍብኛል። ‹ጋሼ፣ ይህቺን ሞተር ከሚስትዎ በላይ አቀማጠሏት› ይለኛል። ባለቤቴ በዛወርቅ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ገብቶ የሚያሾፍብኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ በዓል ሲደርስ ይልኩልኛል፤ ራሳቸውን ግን አይልኩም።»

«ወፍጮው ሲሠራ ሰው ይመጣል እኮ።»

«ይመጣል። ሞተሩ ደግሞ ይጮሃል። ሴቶቹ የሚያናግሩኝ በእጅ ምልክት ነው። እህላቸውን ያፈሳሉ፣ ዱቄታቸውን ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አጥፍቼ እንዳላወራቸው ሞተሩ አንዴ ከጠፋ እስኪነሳ ያስለቅሰኛል፤ ስለዚህ ጠዋት የተነሳ እስከ ማታ ይጮሃል። ስንት ዓመት ነው እንዲህ፤ ሰው ተሰልፎልኝ ብቻዬን።» ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ። «ደግሞ ሰው እንደነገረኝ ሚሊዮን ጅማን ለቆ ሄዷል አሉ።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ሌላ ምን ልጠብቅ?» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ሙያ ክብር ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ እዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ሆነ። እኚህ ሰው ሥልጣኔን የጠሉ፣ ለትምህርት የሰነፉ መስለውኝ ነበር። እሳቸው ግን ብልሃት ፈጥረው ነበር፤ ሰው የሚመጣላቸው ሲበላሽባቸው ብቻ መሆኑን አስተውለው እንዲበላሽ አደረጉ። ማዘኔን አይተው ነው መሰል ጥያቄውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አንቺስ? ቦንጋ ማታ ማታ ማን ይጠይቅሻል?»

«ሬዲዮ» አልኳቸው። እኔም አልሳቅሁ፣ እሳቸውም አልሳቁ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት እንደ አስተማሪ አልነበረም። «ጋሼ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሰውን የሚጠሩበት መንገድ ሰውን እያራቀብዎት ነው። ትርንጎ ዛሬ አለፈች። ሺሺንዳን ከለመደች አትመለስም፤ ሌሎቹም እንደሷ። ያን ጊዜ ሞተሩ ቢነሳ በእጁ እንኳ ምልክት የሚሰጥዎት አይኖርም። ወፍጮዎን የሚያጡ አይምሰልዎት፤ የቀረውን ሰው ነው የሚያጡት።»

አንገታቸውን ደፉ። «ይህንን ሳላስበው አልቀረሁም።»

«ሌላም ልጨምር። ሚሊዮንን አገሩ ሁሉ የሚፈልገው ስለሚቀልድ ብቻ ነው?»

«ስለሚያውቅ ነው እንጂ።»

«ይኸውልዎት! በዚህ ዙሪያ ወፍጮ ያለው፣ ውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ሁሉ አሁን እንደ እርስዎ ሚሊዮንን ይጠብቃል። እርስዎ ትንሹን እንኳ ቢያውቁ ማን ዘንድ የሚመጡ ይመስልዎታል? የማያውቅ ሰው እንግዳውን የሚያገኘው ሲበላሽበት ነው። የሚያውቅ ግን ሌላ ሰው በተቸገረ ቁጥር ደጁ ይንኳኳል።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዓይንዎ ያያል፤ እጅዎ አይንቀጠቀጥም። ዕድሜ ደግሞ አያስቸኩልም፤ ሞተር የሚገድለው ችኮላ ነው።»

ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉት። «በይ እንግዲህ፤ ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከመጥረግ» አልኳቸው።

እኔ አንድም ብሎን አልነካሁም፤ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ተናገርኩ፣ እሳቸው ሠሩ። አቧራውን ሳይጠርጉ መክፈት ቆሻሻውን በገዛ እጅ ወደ ሆዱ ማስገባት መሆኑን ነገርኳቸው። የታንኩን ሥር ሲከፍቱት ውሃና ዝቃጭ ወረደ፤ ሞተሩ ለመነሳት የሚያስለቅሳቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ናፍጣውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ሞሉ፤ ከበርሜሉ ሥር እየዛቁ እንዳይሆን ስላቸው «ጠላም እኮ አተላው አይቀዳም» ብለው ቀደሙኝ። የፈቱትን ብሎን በፈቱበት ተራ ጨርቅ ላይ ደረደሩ።

«አሁን ይህቺን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ላላ ያድርጓት። እንዳያወጧት!»

አረፋ እየፈላ ወጣ። «ይተነፍሳል!» አሉ ተገርመው።

«አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ... አሁን ያጥብቁ። በቃ! ኃይል እንዳያበዙ፤ ከላላ ብሎን ይልቅ የተበላ ብሎን ያስቸግራል።»

ቀጥሎ ያለውንም ብሎን እንዲሁ አስተነፈሱ። የናፍጣ ፓምፑን ራሱን ሊፈቱ ሲሉ ግን ጮህኩ። «እሱን አይንኩ! የማይነካውን ማወቅም ሙያ ነው። እዚያ ከደረሰ ለባለሙያ ይሰጣል።» የማዞሪያውን ብረት ሲይዙ ደግሞ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አደረግሁላቸው፤ ብረቱ ወደኋላ ሲመታ አውራ ጣት የተሰበረበት ሰው ብዙ ነው።

አዞሩ። አልተነሳም። ፊታቸው ጨለመ። እንደገና አዞሩ፤ ሳል፣ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያም ወፍጮ ቤቱ ተናወጠ። ጋሽ ኃይለመስቀል በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኹ፤ ትርጉሙን አላውቅም፤ ፊታቸው ግን አስተርጓሚ አያሻውም ነበር።

ድምፁን የሰማ ሁሉ እህሉን ይዞ ወጣ። ዝናቡም አባርቶ ነበር። ትርንጎም ሩቅ ሳትደርስ ሰምታ ኖሮ ተመለሰች፤ እህሏን ከጀርባዋ አወረዱላትና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ከእንግዲህ በዚህ ሁኔታዋ ሺሺንዳ አትሄድም። ጋሽ ኃይለመስቀልም ሞተሩን በየጊዜው እየጠረጉ፣ ናፍጣውን እያጠለሉ፣ ታንኩ ሳይደርቅ እየሞሉ ይኖራሉ፤ ለቀላል ነገር ከጅማ ሰው አይጠብቁም። ጎረቤት ያለው ባለ ሞተርም ቤንዚን ሊያፈስ ሲነሳ «ተው፣ መጀመሪያ እንዲህ ተመልከት» የሚለው ሽማግሌ አገኘ። እንግዲህ የትምህርት ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው፤ ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ የሚጠቀምበትን ዕቃ ሆድ ቢያውቅ ራሱም አይቸገርም፣ ሰውም አያስቸግርም።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ፤ መንገዱ ተከፍቷል። ሄጄ ጋሽ ኃይለመስቀልን «ደህና ይሁኑ!» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ ጮህኩ። ጆሯቸውን በእጃቸው ያዙና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሞተሩን ቀጥ አደረጉት።

ተሰላፊው ሁሉ ጮኸ። «ኧረ ጋሼ! ምን ነካዎት? ዛሬ አገኘን ስንል!»

«አይዟችሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዘይት በነካው እጃቸው ዝም እያሰኙ። «አስነሳዋለሁ። እኔው ነኝ የማስነሳው።» ወደ እኔ ዞረው መረቁኝ፤ ሳይቸኩሉ፣ እስከ አሜን ድረስ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ተመለሱ። «አንቺ ልጅ፣ ወርሽ ገብቷል እንዴ? እናትሽስ እግሯን ተሻላት?»

ትርንጎ አፏን ይዛ ጥቂት አየቻቸው። ስለ እናቷ እግር መናገር ጀመረች፤ ከኋላዋ ያለችው ሴት ደግሞ «ውሸቷን ነው፣ ትናንት ገበያ አይቻታለሁ» ብላ ገባችበት። ሁሉም ሳቁ።

ሾፌሩ በድጋሚ ጥሩምባውን ነፋ። ሮጬ ተሳፈርኩ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ወርዶ ኖሮ ወንበሩ ባዶ ነበር። አውቶቡሱ ኩርባውን እስኪዞር ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ። ሞተሩ ገና አልተነሳም። እያወሩ ነበር።