ትዝታና ፍርሃት ጎረቤታሞች ናቸው

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሂርና በምትሄድ ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ነርስ ያዋራሉ።

«ቆስሎ የነበረው ልጄ ዛሬ ከግንባር ይገባል። ጦርነቱን ረስቶታል አሉኝ፤ አልሐምዱሊላህ!»

«ምኑን ነው የቆሰለው፣ እማማ?»

«ጭንቅላቱን።»

«አንጎል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የሆነውን ይይዛል፣ ሌላው ፍርሃቱን። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል።»

«አልገባኝም፣ ልጄ።»

«ጦርነቱን ቢረሳም ፍርሃቱ አለ። ለምን እንደሚፈራ ግን አያውቅም።»

«ያ አላህ! አጎቱ እኮ ሚሊሺያ ነው!»

«ቢሆንስ?»

«ደጅ ቆሞ እየጠበቀው ነው። ልጁ ሲገባ የደስታ ጥይት ሊተኩስለት! ሾፌር፣ በአላህ ፍጠን!»

ወደ ሂርና ስንቃረብ፣ ሳላስበው ሁለት ጆሮዬን በእጆቼ ያዝኩ።