በደጅ የተነበበ ዝርዝር

(ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። በሁዳዴ ጾም አንድ ረፋድ ላይ፣ አነስተኛ የዕቃ ማድረሻ ቤት ያለው አቶ ደጀኔ ወረቀት ይዞ በወይዘሮ ይታይሽ ደጃፍ ቆሟል፤ እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛዋለች።)

ይታይሽ፦ አልደረሰኝም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ?

ደጀኔ፦ ደርሶዎታል፣ እትዬ ይታይሽ። ሠራተኛዬ አበጋዝ ሻንጣውን በእጅዎ ሰጥቶዎታል።

ይታይሽ፦ ታዲያ ፊርማዬ የታለ? ካልፈረማችሁ አልሰጥም እያልክ አገር ምድሩን የምታስቸግረው አንተ አይደለህም?

ደጀኔ፦ ነኝ። ወድጄ ነው? አምና አንዱ፣ የተላከልኝ ስልክ አልደረሰኝም ብሎ የጮኸብኝ በዚያው ስልክ ደውሎ ነው።

ይታይሽ፦ ቀልደኛ ነበር።

ደጀኔ፦ ሌላዋን ደግሞ፣ አልመጣልኝም ያለችውን ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። «ያምርብሻል» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ አለፈች።

ይታይሽ፦ እኔን ከእነሱ ደመርከኝ?

ደጀኔ፦ ብደምርዎት ፖሊስ እልክ ነበር፤ በእግሬ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣሁ። ዕቃ ከመሰጠቱ በፊት ዝርዝሩ በደጅ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ጎረቤት እየሰማ ይነበባል። ከዚያ ተቀባዩ ይፈርማል። እስካሁን የረታኝ የለም።

ይታይሽ፦ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ራስህ ነህ?

ደጀኔ፦ እኔው ነኝ።

ይታይሽ፦ እደግ።

ደጀኔ፦ አይቀልዱብኝ። አበጋዝ ከታሰረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የሰመራው ላኪ ደውሎ ሲጠይቅዎ «ምን ሻንጣ?» አሉት። እሱ ለፖሊስ አመለከተ፤ ልጁን ሌባ ነህ ብለው ያዙት። የኔም ቤት ሊዘጋ ነው፤ ሌባ ያለበት ቤት ዕቃ የሚያስረክብ ማን አለ?

ይታይሽ፦ እሱስ ምን አለ?

ደጀኔ፦ የሚገርመኝ እኮ እሱ ነው። «ሰጥቻታለሁ፣ አልፈረመችም» አለ። ለምን አልፈረመችም ስለው፣ «እሷን ጠይቃት» ብሎ ዝም። አበጋዝ ዝም! ሰው ቢያጣ ከአህያ ጋር የሚያወራ ሰው።

ይታይሽ፦ ዝም አለ?

ደጀኔ፦ ጭጭ።

ይታይሽ፦ የተባረከ።

ደጀኔ፦ ምን አሉ?

ይታይሽ፦ ምንም። ሂድ እንግዲህ፣ በጾሜ አታናግረኝ።

ደጀኔ፦ አልሄድም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱም ይኸው፣ ሞኙም ይኸው። ዝርዝሩን ላንብብልዎት፣ ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል።

ይታይሽ፦ አታንብብ።

ደጀኔ፦ «ከሰመራ የተላከ። አንድ ጥቁር ሻንጣ...»

ይታይሽ፦ አታንብብ አልኩህ!

ደጀኔ፦ «አንድ ካኪ ጃኬት። ሁለት ሸሚዝ። አንድ ጥንድ ቡኒ ጫማ...» እትዬ፣ ያ ከበሩ ኋላ ያለው ጫማ ቡኒ አይደለም?

ይታይሽ፦ ድሮም እዚያው ነበር።

ደጀኔ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የበረሃ አሸዋ ከየት አመጣ?

ይታይሽ፦ ዐይንህ አያርፍም!

ደጀኔ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። «አንድ ራዲዮ። አንድ መንጃ ፈቃድ። አንድ ማተብ፣ ከነ...»

ይታይሽ፦ ምነው ቆምክ? አንብብ እንጂ።

ደጀኔ፦ ማተብ።

ይታይሽ፦ አዎ፣ ማተብ። ክሩን የፈተልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሲታጠብ እንኳ ከአንገቱ አውልቆት አያውቅም።

ደጀኔ፦ ሹፌሩ... ይርዳው?

ይታይሽ፦ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሌላ ልጅ አለኝ?

ደጀኔ፦ በእግዚአብሔር፣ አላወቅኩም። ዝርዝሩን የሰመራው ወኪላችን ጻፈው፣ እኔ ማኅተም መታሁበት። አላነበብኩትም። ሰውን ሁሉ አንብቡ እላለሁ፤ እኔ አላነበብኩትም።

ይታይሽ፦ አበጋዝ አነበበው። አሁን አንተ በቆምክበት ላይ፣ እንዳዘዝከው ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ጎረቤት ግን አልነበረም። ማተቡ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ቀና ብሎ አየኝ። ሻንጣውን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ደጀኔ፦ መርዶ ሳይነገርዎት!

ይታይሽ፦ ሻንጣውን የላከው የልጄ ባልደረባ ነው፤ ተረድታለች ብሎ። መርዶውን ግን ወንድሜ ጌጡ ይዞታል። ከሚስቱ ጋር ሲንሾካሾክ ሰማሁት፤ «ፋሲካን ትዋል፣ ከዚያ በማለዳ ሽማግሌ ይዤ እነግራታለሁ» ይላል። አሁን በየማታው እየመጣ በልተሻል ወይ ይለኛል። በስልሳ ዓመቴ አንድ ቀን ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው! የይርዳው ስልክ ምነው ተዘጋ ስለው፣ በረሃው ኔትወርክ የለውም ይለኛል። እውነትህን ነው እለዋለሁ።

ደጀኔ፦ እያወቁ?

ይታይሽ፦ እሱ ይደብቀኛል፣ እኔ እደብቀዋለሁ። ሁለታችን ይርዳውን አቆይተነዋል። እኔ እስክፈርም ድረስ ልጄ መንገድ ላይ ነው። ገባህ? ሻንጣው አልደረሰማ።

ደጀኔ፦ ገባኝ። እንግዲያው ጣቢያ ሄጄ ሻንጣው ከእኔ እጅ ጠፋ እላለሁ። አበጋዝን ይፍቱት፣ እኔን ይያዙኝ።

ይታይሽ፦ ቤትህስ?

ደጀኔ፦ ይዘጋ። በደጅ ይነበብ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይታይሽ፦ በስተርጅና ሌባ ሲሉህ ልስማ? ... አበጋዝ እናት አለችው?

ደጀኔ፦ አለችው።

ይታይሽ፦ ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ናት?

ደጀኔ፦ እሷው ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ እስከ ጣቢያው ሁለት ቦታ እያረፈች ነው የምትደርሰው። ትናንት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።

ይታይሽ፦ እሷስ አለቀሰች። እኔ ሳላለቅስ ስድስት ቀኔ።

ደጀኔ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል።

ይታይሽ፦ እንባው መች ገደደኝ? ሳይረዱ እንዴት ይለቀሳል? ... ወረቀቱን ስጠኝ።

ደጀኔ፦ ይተዉት፣ እትዬ። ፋሲካ ይለፍ።

ይታይሽ፦ የሷ ልጅ ታስሮ ፋሲካን ልትውል ነው? ስጠኝ አልኩህ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ። መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መፈረም ነው አይደል ደንቡ?

ደጀኔ፦ እዚያው ውስጥ ይፈርሙ። መነበብም የለበትም። ደንቡን ሽሬዋለሁ።

ይታይሽ፦ በኔ ላይ ከሠራ በኋላ አትሽረውም። ያንን በር ወለል አድርገህ ክፈተው። የጎረቤቴን የስንዱን አጥር አንኳኳ፤ ከነባሏ ትውጣ። አንተም ጋቢህን አዘቅዝቅ፤ የመጀመሪያው ለቀስተኛ አንተ ነህ።

ደጀኔ፦ ... ወጥተዋል፣ እትዬ። ቆመዋል።

ይታይሽ፦ እስክሪብቶውን ያዝልኝ። «ከሰመራ የተላከ። አንድ ጥቁር ሻንጣ። አንድ ካኪ ጃኬት። ሁለት ሸሚዝ። አንድ ጥንድ ቡኒ ጫማ። አንድ ራዲዮ። አንድ መንጃ ፈቃድ። አንድ ማተብ፣ ከነመስቀሉ።» ደርሶኛል።